ሣርና ቆርቆሮ፤ የአባቶችን ቤት ስለ ማደስ

አንድ ቤት ግድግዳው ፈርሶ ቢመረግ፣ ምሰሶው ነቅዞ ቢለወጥ፣ ክዳኑ አርጅቶ ሌላ ቢለብስ፣ በመጨረሻም ከመጀመሪያው ዕንጨትና ድንጋይ አንድ እንኳ ባይቀርበት፣ ያ ቤት የቀድሞው ቤት ነው ወይስ ሌላ? የግሪክ ሊቃውንት ይህንን ጥያቄ በመርከብ መስለው ተከራክረውበታል። ፕሉታርክ እንደ ጻፈው አቴናውያን የቴሴዎስን መርከብ ሳንቃው በበሰበሰ ቁጥር በአዲስ እየተኩ ብዙ ዘመን ስላቆዩት፣ ፈላስፎቹ እኩሌቶቹ «ያው ነው»፣ እኩሌቶቹም «ያው አይደለም» ይሉ ነበር። እኛም ይህንን ክርክር በተማሪነታችን ዘመን ሰምተን የሥራ ፈቶች ጨዋታ ነው ስንል ትተነው ነበር። ጨዋታ አለመሆኑን የተረዳነው በአምባሰል አገር፣ በአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ዐፀድ ሥር ተቀምጠን ፍርድ በተጠየቅን ቀን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን፣ የሐይቅን ከተማ አልፈን፣ ወደ አምባሰል ተራሮች ግርጌ ወጥተን ከአንድ ወዳጃችን ዘንድ ሰንብተን ነበር። እሑድ ቅዳሴ ተፈጽሞ ጠበል ጠዲቁ ሲያበቃ፣ ሕዝቡ ከአንዲት ትልቅ የወይራ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። የሚመከርበት ጉዳይ የቤተ ክርስቲያኒቱ ክዳን ነበረ። ሣሩ ካረጀ ቆይቷል፤ ባለፈው ክረምት ሰርጎ የወረደው ውሃ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ከተሣሉት ሥዕሎች የአንዱን ፊት አጥቦታል። ከዚያው ሰበካ ተወልዶ በአዲስ አበባ በንግድ የሚኖር አንድ ጎልማሳ ለክዳኑ የሚበቃውን ቆርቆሮ ገዝቶ በጭነት መኪና ልኳል፤ ቆርቆሮውም በደጀ ሰላሙ አጠገብ ተደርድሮ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋ ነበር። ሆኖም የሚቃወም አልጠፋም። በጕልማስነታቸው ያንኑ ክዳን ሁለት ጊዜ የከደኑ፣ አሁን ግን በምርኩዝ የሚሄዱ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «ይህ ቤት ቆርቆሮ አያውቅም፤ አባቶቻችን በሣር ሰጡን፣ በሣር እናስረክብ» አሉ። ክርክሩ ሲጠና አስተዳዳሪው ቄስ ወደ እኛ ዞር ብለው፣ «እናንተ የተማራችሁ ናችሁና እስቲ ፍረዱን» አሉን።

እኛም ሳናስብ ፈረድን። ስለ ቅርስ ክብር፣ ስለ ጥንት ጥበብ፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣ እንግዳ ሣሩን እንጂ ቆርቆሮውን ለማየት እንደማይደክም ረዘም አድርገን ተናገርን። ንግግራችንን ስንፈጽም ከሴቶቹ መካከል የተቀመጡ አንዲት እማሆይ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «ልጆቼ፣ የእናንተስ ቤት ክዳኑ ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁን። ቆርቆሮ ነው አልን። ማንም አልሣቀም፤ ቢሥቁ ይቀለን ነበር።

እንግዲህ የእማሆይ ጥያቄ ከአቴናውያን ጥያቄ ይልቅ የሚከብድ ሆኖ አገኘነው። አቴናውያን የጠየቁት ነገሩ ያው ነውን ብለው ነው፤ እማሆይ ግን ያው ሆኖ እንዲቆይ ማን በማን ላይ መፍረድ ይገባዋል ብለው ጠየቁን። ሁለቱ ጥያቄዎች ግን የተያያዙ ስለ ሆኑ የመጀመሪያውን ሳያጠሩ ወደ ሁለተኛው መሻገር አይቻልም።

ለመጀመሪያው ጥያቄ የሃይማኖት መምህራኖቻችን የተዘጋጀ መልስ አላቸው። ቤተ ክርስቲያንን ቤተ ክርስቲያን የሚያሰኛት ታቦቱ ነው። ሕንፃው ሲያረጅ ወይም ሲፈርስ ታቦቱ ወደ መቃኞ ይወጣል፤ መቃኞውም በጥቂት ባላና በጥቂት ሣር የቆመ ጎጆ ቢሆን፣ ቅዳሴ እስከ ተቀደሰበት ድረስ ከትልቁ ካቴድራል የሚያንስበት ክብር የለም። አዲሱ ሕንፃ ሲፈጸም ታቦቱ ይገባል፤ ስሟም ዘመኗም እንደ ቀድሞው ይቈጠራል። ስለዚህ አንድ ካህን «ይህች ቤተ ክርስቲያን ከእገሌ ንጉሥ ዘመን ጀምሮ ነበረች» ሲል፣ አንድ የታሪክ ተማሪ ደግሞ ግድግዳውን መርምሮ «ይህስ ገና መቶ ዓመት አይሞላውም» ሲል፣ ሁለቱም አልዋሹም፤ የሚናገሩት ስለ ልዩ ልዩ ነገር ነው። ይህ ሳይታወቅ በመቅረቱ ግን በተማሪውና በካህኑ መካከል ስንት ጊዜ ቅያሜ ሲፈጠር አይተናል።

መልሱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። ሙሉ አለመሆኑንም ከዚያው ከሐይቁ ማዶ ሆኖ የሚታየው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ታሪክ ያስረዳናል።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን በንጉሥ ድል ነዓድ ዘመን እንደ ተተከለች በትውፊት ይነገራል። ገዳሙን ግን የታወቀ የትምህርት ቦታ ያደረጉት በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከደብረ ዳሞ የመጡት አቡነ ኢየሱስ ሞአ ናቸው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በእግራቸው ሥር ተቀምጠው ተምረዋል፤ የጣናውን ዳጋ እስጢፋኖስን ያቀኑት አቡነ ኂሩተ አምላክም ከዚሁ የወጡ ናቸው፤ ከብዙ ዘመን በኋላም የመጽሐፈ ምሥጢር ደራሲ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ በዚሁ ገዳም ተምረዋል። የገዳሙ አበምኔት «ዓቃቤ ሰዓት» በሚባል ማዕርግ ከነገሥታቱ አጠገብ የሚቆም ታላቅ ሰው ነበር። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ገዳሙን በሐይቅ መካከል ባለች ደሴት ላይ እንዳገኘው፣ ወደ እርስዋም በደንገል ታንኳ እንደሚሻገሩ ጽፏል። ዛሬ ግን ውሃው ስለ ሸሸ ደሴቲቱ ከየብስ ጋር ተገናኝታለች፤ ተሳላሚው በእግሩ ይገባል። ስለዚህ በሐይቅ ላይ የተለወጠው ሕንፃው ብቻ አይደለም፤ መሬቱም ራሱ ደሴት መሆኑን ትቷል። የቴሴዎስን መርከብ ነገር የሚወዱ ሰዎች ይህንንም ይጨምሩበት።

ዛሬ በዚያ ቆሞ የምናየው ሕንፃ አቡነ ኢየሱስ ሞአ ያስተማሩበት ሕንፃ አይደለም። ታቦቱ ከቆየ ሁሉ ቆየ ካልን ግን፣ በ1531 እ.ኤ.አ. የሆነውን ነገር በምን እንተረጕመዋለን? በዚያ ዓመት የኢማም አሕመድ ሠራዊት ወደ ሐይቁ ዳር መጥቶ ታንኳ ማበጀት በጀመረ ጊዜ፣ ከኢማሙ ጋር የነበረው ታሪክ ጸሐፊ ዓረብ ፈቂህ እንደሚተርከው፣ መነኮሳቱ ቤተ ክርስቲያናቸው እንዳይቃጠል ሲሉ የገዳሙን ወርቅና ሀብት አውጥተው ሰጥተዋል። እነዚህ ሰዎች የታቦትን ነገር ከእኛ ይልቅ የሚያውቁ ነበሩ። ቤት ቢቃጠል ቤት እንደሚሠራ፣ በመቃኞም እንደሚቀደስ አልጠፋቸውም። ከዚህ ሁሉ ጋር ነገሥታት የሰጡትን ወርቅ በአንድ ወገን፣ ድንጋይና ዕንጨቱን በሌላ ወገን አድርገው መዝነው፣ ዕንጨትና ድንጋዩ በልጦባቸዋል።

ከዚሁ ገዳም ሌላ ምስክር እንጥራ። አቡነ ኢየሱስ ሞአ በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ ያጻፉት ወንጌል እስከ ዛሬ አለ፤ የእርሳቸውም ሥዕል ተሥሎበታል። በወንጌሉ ውስጥ ያለው ቃል በአገራችን በሺህ በሚቈጠሩ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል፤ ተማሪ ሁሉ በአነስተኛ ዋጋ የታተመውን ገዝቶ ማንበብ ይችላል። ቃሉ ብቻ የሚፈለግ ቢሆን ኖሮ ያ አንድ ብራና ቢጠፋ ምንም አልጐደለም ባልን ነበር። ማንም ግን እንዲህ አይልም። የሚጐድለው ነገር ምን እንደ ሆነ ሲጠየቅ ለመናገር ይቸግራል፤ ሆኖም ያ ቀለም የደረቀው እርሳቸው በሕይወት ሳሉ ነው፤ ያንን ቅጠል የገለጡ እጆች ነበሩ። የሞተ ሰው በዚህ ዓለም ላይ የሚቀርለት ድርሻ የሠራው ነገር ነው። እኛ በሕይወት ያለን ሰዎች ነገሩን ስንጥል ድርሻውን እንወስድበታለን፤ እርሱም ተነሥቶ አቤት ማለት አይችልም።

ስለዚህ ሽማግሌው «በሣር ሰጡን» ሲሉ የተናገሩት ከንቱ ነገር አልነበረም። ወደ ቤቱ ገብተን የሣሩን ነገር እንመልከተው።

በአገራችን ገጠር የሚበዛው ቤተ ክርስቲያን ክብ ነው። በመካከሉ አራት ማዕዘን መቅደስ ይቆማል፤ በዙሪያው ቅድስቱ፣ ከዚያም ውጭ ቅኔ ማኅሌቱ ይዞራሉ። መምህራን በዚህ አሠራር ብዙ ምሥጢር ይተረጕማሉ፤ እኛ ግን ለጊዜው ስለ አናጢው ብቻ እናስብ። ክብ ነገር ማዕዘን ስለሌለው የተጠረበ ድንጋይ ሳይፈልግ በገበሬ ድንጋይና በጭድ በተቦካ ጭቃ ይሠራል። የመቅደሱ ግድግዳ ከሌላው በልጦ ወደ ላይ ወጥቶ የጣሪያውን መካከል ይሸከማል፤ ወራጁ ከዚያ ተነሥቶ እንደ ጃንጥላ ዘንግ ወደ ዙሪያው ይወርዳል፤ ማገሩ በላዩ እየዞረ በልጥና በጠፍር ይታሰራል። ጥዱና ወይራው የሚቆረጠው ብዙ ጊዜ ከዚያው ከዐፀዱ ነው። ሣሩ ከከፈፉ ተጀምሮ ዙር በዙር ወደ ላይ ይደረደራል፤ የላይኛው ዙር የታችኛውን እግር ይሸፍናል። ውሃ ሰርጎ እንዳይገባ ጣሪያው ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ከሩቅ ስናየው የሚያምረን ያ ሾጣጣ ቅርጽ ከሣሩ ጠባይ የመጣ እንጂ ለማማር ተብሎ የተሠራ አይደለም። በመጨረሻ ጉልላቱ፣ በጉልላቱም መስቀል ላይ የሰጎን ዕንቍላል ይሰካል።

በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ዝናብ ሲዘንብ ድምፁ አይሰማም። የዕጣኑ ጢስ በሣሩ መካከል ቀስ እያለ ይወጣል፤ ቤቱ በቀትር ይቀዘቅዛል፣ በሌሊት ይሞቃል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ዜማው ነው፤ ሣርና ጭቃ ድምፅን ይቀበላሉ እንጂ አይወረውሩትም፤ መሪው ዝግ ብሎ ያወጣው ቃል እስከ በሩ ድረስ ሳይሰበር ይደርሳል።

ቆርቆሮውንም በእውነት እንመልከተው። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ከባሕር ማዶ እየመጣ በአገራችን የተስፋፋው ይህ ክዳን መብረቅ የጣለውን እሳት አይመግብም፤ ስንት የሣር ቤተ ክርስቲያን ከነመጻሕፍቱ በአንድ ሌሊት እንደ ነደደ የሚያውቅ ሰው ይህንን ነገር አይንቅም። በየጥቂቱ ዓመት ሣር መፈለግን ያስቀራል፤ ሣሩም ድሮ የበቀለበት ተረተር ዛሬ ታርሷል፣ ገበሬው ያገኘውን ለበሬው ይሻዋል። በሌላ በኩል ቆርቆሮ ቀጥ ያለ ሉሕ በመሆኑ ክብ ጣሪያን አይወድም፤ እየተቆረጠ እየተደራረበ በሚስማር ይመታል፤ በጊዜ ብዛት ሠሪዎቹ ክቡን ትተው ወደሚቀለው ማዕዘን ያዘነብላሉ። ሌሊት ከውስጥ ያልበዋል፤ ላቡም በሸራው ሥዕል ላይ ይንጠባጠባል። ክረምት ሲሆን ስላለው ድምፅ ኋላ እንናገራለን።

በዚህ ክርክር የሌሎችን ሥራ ማየት ይጠቅማል። አቡነ ኢየሱስ ሞአ በተማሩበት በደብረ ዳሞ፣ ዕንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቀ የተሠራው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ሊወድቅ በደረሰ ጊዜ፣ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ዴሬክ ማቲውስ የሚባል እንግሊዛዊ የሕንፃ ሊቅ የበሰበሰውን እየለየ በቀድሞው አሠራር አድሶታል። በላሊበላ ግን በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ውሃ ይከለክላል ተብሎ በአንዳንዱ ዐለት ላይ ሬንጅና ቀይ ቀለም ተቀብቶ፣ በሚቀጥለው ዐሥር ዓመት ጣሊያናዊው ሳንድሮ አንጀሊኒና ረዳቶቹ በብዙ ድካም ፍቀውታል፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የተተከሉት ታላላቅ መጠለያዎችም እስከ ዛሬ ድረስ ክርክር አላጡም። በአክሱም ደግሞ ሌላ መንገድ ተመርጧል፤ በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው ቤት እንዳለ ሆኖ፣ በ1957 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የጽዮን ቤተ ክርስቲያን በአጠገቡ ቆመ፤ ወደ አሮጌው የማይገቡት ሴቶች በአዲሱ ገብተው ያስቀድሳሉ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያስገረመን የጃፓኖች የኢሴ መቅደስ ነው። እርሱ በየ20 ዓመቱ ከመሠረቱ አዲስ ሆኖ ይሠራል፤ በ2013 እ.ኤ.አ. የተሠራው 62ኛው ነው። ዕንጨቱ ሁልጊዜ አዲስ ነው፤ አናጢው ግን ከቀድሞው አናጢ ሥር ቆሞ ያየ ነው።

የኢሴን ነገር ካሰብን በኋላ የሽማግሌውን ቃል እንደ ገና መረመርነው። «በሣር ሰጡን» አሉ። አባቶቻቸው የሰጧቸው ሣር ግን የት አለ? እርሳቸው ራሳቸው ሁለት ጊዜ አውርደው ጥለውታል። ከእርሳቸው በፊት የነበሩትም እንዲሁ አድርገዋል። እንግዲያውስ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈው ነገር ሣሩ ሊሆን አይችልም፤ የተላለፈው መክደኑ ነው። ሣር የሚታጨድበት ወራት፣ ወራጁን በገመድ የሚለካ ዓይን፣ ከጣሪያ ላይ ያለው ከታች ላለው የሚሰጠው ትእዛዝ፣ ለሠራተኛው ጠላ የሚጠምቁት ሴቶች፣ እንደ ወሎ ልማድ በሬውን ጠምዶ ዕንጨት የሚጐትተው እስላም ጎረቤት፣ እርሱም መስጊድ ሲሠራ በፈንታው የሚሄዱለት ክርስቲያኖች፤ አደራው ይህ ነበረ። ዕቃ የሆነ አደራ በሣጥን ተቈልፎ ይቆያል፤ ሥራ የሆነ አደራ ግን ተሠርቶ ካልሆነ በቀር ሊጠበቅ አይችልም። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ ከድነዋል፤ ከእርሳቸው በኋላ መክደን የሚያውቅ ሰው በዚያ ሰበካ እንዳለ ስንጠይቅ ማንም እጁን አላነሣም።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት፣ የቆርቆሮው ጥፋት መልኩን መለወጡ አይደለም። ቆርቆሮው ሕዝቡን ከድካም አሳርፎታል፤ ያሳረፈውም ለአንድ ሰው ዕድሜ ያህል ስለ ሆነ፣ በዚያ ዕረፍት ውስጥ ዕውቀቱ ይሞታል። ምሕረቱና ጉዳቱ አንድ ነገር ነው፤ ለይተን አንዱን ብቻ መቀበል አይቻለንም። ጎልማሳው ነጋዴ በቅን ልብ የላከው ስጦታ እንዲህ ያለ ዋጋ እንዳለው አልታወቀውም፤ ማንም አልነገረውም። እኛ ልንነግረው የሚገባን ነበርን፤ እኛ ግን ስለ እንግዶች ዓይን ተናገርን።

አሁን ወደ እማሆይ ጥያቄ መመለስ እንችላለን። በከተማ በደረቅ ቤት የሚያድር ሰው፣ የሚፈሰው ውሃ በሌሎች ራስ ላይ እየወረደ ሣሩ ይቆይልኝ ሊል ይችላልን? አይችልም ብለን እናምናለን። ምክንያቱም ውበቱን እርሱ ይወስዳል፣ ድካሙን ለሌላ ይተዋል። አንዳንድ ወዳጆቻችን በዚህ አይስማሙም፤ ቅርስ የሁሉ ስለ ሆነ ሁሉም ይናገርበታል ይላሉ። እኛም የሁሉ መሆኑን አንክድም። የሁሉ ከሆነ ግን ዕዳውም የሁሉ ነው። ሣሩ ይቆይ የሚል ሰው ሣሩን ይግዛ፤ የከዳኞቹን ቀለብ ይስጥ፤ ከዚያም አልፎ ልጁን ወይም ተማሪውን ልኮ ከሽማግሌው እግር ሥር ያስቀምጥ። ይህንን ያላደረገ ሰው፣ ማዕርጉ ምንም ያህል ከፍ ያለ ቢሆን፣ በዚያ የወይራ ዛፍ ሥር ድምፅ የለውም። ዝም ብሎ መስማት ግን አይከለከልም። መምህራንም ሆኑ ሹማምንት ይህንን ሲያነቡ ቅር እንዳይላቸው እንለምናለን፤ ፍርዱ አስቀድሞ የወደቀው በእኛ ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን ለማንም፣ ለሰበካው ሕዝብ እንኳ፣ የተፈቀደ አይመስለንም፤ ዳግመኛ ሊሠራ የማይችለውን ነገር ሳይመዘግቡ ማፍረስ። ሣር ይበቅላል፤ ቆርቆሮ ይነሣል። የተጠረበ የወይራ መቃን ወይም በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የተሣለ ፊት ከጠፋ ግን፣ ሠሪው አይጠራም። ይህንን በዚያው ቀን ተናግረን ቢሆን ኖሮ ከንግግራችን አንዱ ክፍል እንኳ ይጠቅም ነበር።

ያ ጉባኤ በቆርቆሮው ተፈጸመ። ሽማግሌው አልተቈጡም፤ አሮጌው ወራጅ እንዳይነድድ፣ ከቤተ ልሔሙ ኋላ ተደርድሮ እንዲቀመጥ ብቻ ለመኑ፤ ተፈቀደላቸው። ጉልላቱንና የሰጎን ዕንቍላሉን ራሳቸው ተቀብለው አወረዱ፤ አዲሱ ክዳን ሲያልቅም ተመልሶ ሲሰካ ከታች ሆነው «ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ግራ» እያሉ አዘዙ።

በሚቀጥለው ዓመት በነሐሴ ተመልሰን ሄድን። መቅደሱ ደረቅ ነበረ፤ ፊቱ የታጠበው ሥዕል እንደ ታጠበ ቢሆንም የቀሩት ደኅና ናቸው። ማኅሌቱ እንደ ተጀመረ ዝናቡ መጣ። መጀመሪያ እንደ ጠጠር፣ ቀጥሎም እንደ ወንዝ በቆርቆሮው ላይ ወረደ። መሪጌታው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ጥቂት ቆይተው ደግሞ ከፍ አደረጉ፤ ከዚያ በኋላ አፋቸው ሲንቀሳቀስ እናያለን እንጂ ቃሉን አንሰማም ነበር። በመጨረሻ ዝም አሉ። ካህናቱ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ከበሮውም በወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ሁላችንም ቆመን ጠበቅን።